የዒድ ትሪ ላይ ምን ይቀመጥ? ቸኮሌትና ኬክ በሚዛን

 

ዒድ በተቃረበ ቁጥር ወደ ዝግጅት ክፍላችን ከሚደርሱት ደብዳቤዎች የሚበዙት ስለ ጣፋጭ የሚጠይቁ ናቸው። የትኛውን ኬክ እንዘዝ? ዘመድ ከውጭ ያመጣው ቸኮሌት ለልጆች ይሰጣል ወይስ አይሰጥም? ቤት የጋገርነው ኬክ ለምን መሃሉ ይሰምጣል? ለእያንዳንዱ በተናጠል ከመመለስ ይልቅ ገዝተንና ጋግረን፣ ቀምሰንና አስቀምሰን፣ ከ10 ነጥብ ሰጥተን ብናቀርብላችሁ ይሻላል በማለት የዚህን ወር ዓምድ ለዚሁ አውለነዋል።

ቀማሾቹ ስድስት ነበርን፤ እኔ፣ ባለቤቴ፣ የ14 ዓመቱ ወንድ ልጃችን፣ የ9 ዓመቷ እህቱ፣ የባለቤቴ እናትና ጎረቤታችን ሐጅያ። አማቴ የስኳር ሕመም ስላለባቸው ከእያንዳንዱ ከጥፍር የማትበልጥ ቁራሽ ብቻ ነው የቀመሱት፤ ፍርዳቸው ግን ከሁላችንም የጠነከረ ነበር።

ገና ከመጀመራችን ሐጅያ አንድ ጥያቄ አነሡ። የአላህ መልእክተኛ (ሰ.ዐ.ወ.) ለምግብ ነውር አውጥተው እንደማያውቁ፣ ከፈለጉት በልተው ካልፈለጉት ይተዉት እንደነበር ከአቡ ሁረይራ (ረ.ዐ.) በተላለፈው ሐዲስ ይታወቃል። ታዲያ ኬክ ደርድሮ ‹‹ይሄ 4፣ ያኛው 7›› እያሉ መቀመጥ ከዚህ ጋር እንዴት ይስማማል? ጥያቄው ቀላል አልነበረም። ከዑለማዎች አንዳንዶቹ አላህ የፈጠረውን ማነወርና የሰውን አሠራር መንቀፍ የተለያዩ ናቸው ብለዋል፤ ሌሎች ደግሞ የሐዲሱ ቃል ሁለቱንም ያጠቃልላል ይላሉ። እኛም በጥንቃቄው በኩል ሆነን ሦስት ነገር ተስማማን። አንደኛ፣ ሰው ቤት ተጋብዘን የቀረበልንን ነጥብ አንሰጥም፤ ይህን ልማድ ያደረገ ሰው ካለ ይተወው። ሁለተኛ፣ ነጥባችን አንባቢ ገንዘቡን የት እንደሚያውል ለማማከር ነው እንጂ ሲሳዩን ለማጣጣል አይደለም። ሦስተኛ፣ 4 ያገኘውም ቢሆን ተበልቶ ያልቃል፤ የሚጣል ነገር የለም። በዚህ ሐጅያ ረኩና ቢስሚላህ ብለን ጀመርን።

ጣፋጭ መውደድ በራሱ የሚያሳፍር ነገር እንዳልሆነም እግረ መንገዳችንን እናንሳ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ጣፋጭና ማር ይወዱ እንደነበር እናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ.) አስተላልፈዋል። በረመዳን ማግስት አንድ ቁራሽ ኬክ የቀመሰን ልጅ እንደ ወንጀለኛ የሚያዩ ወላጆች ይህን ቢያስታውሱ መልካም ነው።

በመጀመሪያ ስለ ቸኮሌት ራሱ፤ ታላላቆቻችን ‹‹ቸኮላታ›› ስለሚሉት። የካካዎ ፍሬ የሚበቅለው በምድር ወገብ አቅራቢያ ባሉ ሞቃትና እርጥብ አገሮች ሲሆን ከዓለም ምርት ከግማሽ በላዩ የሚመጣው ከሁለት የምዕራብ አፍሪካ አገሮች፣ ከኮትዲቯርና ከጋና ነው። ፍሬው ተፈልፍሎ፣ ብሎና ደርቆ፣ ተቆልቶ ሲፈጭ ሁለት ነገር ይወጣዋል፤ የካካዎ ቅቤና የካካዎ ዱቄት። የቸኮሌት ምስጢር ያለው በቅቤው ነው። የካካዎ ቅቤ በ34 ዲግሪ ገደማ ይቀልጣል፤ የሰው አፍ ደግሞ ከዚያ ጥቂት ከፍ ያለ ሙቀት አለው። እውነተኛ ቸኮሌት ምላስ ላይ ሲቀመጥ ሳይታኘክ የሚቀልጠው በዚህ ምክንያት ነው።

እዚህ ላይ ነው ገዢ መንቃት ያለበት። የካካዎ ቅቤ ውድ ስለሆነ ብዙ አምራቾች አውጥተውት በምትኩ የፓልም ወይም ሌላ የአትክልት ዘይት ያገቡበታል። በተለይ እ.ኤ.አ. በ2024 በምዕራብ አፍሪካ የአየር መዛባትና የዛፍ በሽታ ምርቱን ስለቀነሰው የአንድ ቶን ካካዎ ዋጋ ከ10,000 ዶላር አልፎ፣ በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ወር ከ12,000 በላይ ደርሶ ነበር። ከዚያ በፊት በነበሩት ዓመታት የለመድነው ከ2,000 እስከ 3,000 ዶላር ነበር። ቆየት ብሎ ዋጋው ቢወርድም በዘይት የመተካቱ ነገር በብዙ ቦታ ቀርቷል። መለያው ቀላል ነው። ቁራሹን በሁለት ጣት ያዙና እስከ ሃያ ቁጠሩ፤ ጣትን ካላቆሸሸ፣ አፍ ውስጥም ላንቃ ላይ እንደ ሻማ ከተለጠፈ ዘይት ነው። ሐራም ነው ማለታችን አይደለም፤ የቸኮሌት ዋጋ ግን ሊጠየቅበት አይገባም።

ከሱቅ የገዛነው ተራ የወተት ቸኮሌት በዚህ ፈተና አለፈ። ልጆቹ 9 ሰጡት፣ እኔ 6፣ አማቴ ‹‹ስኳር ነው፤ ቸኮሌቱ የታለ?›› ብለው 3። በአውሮፓ ኅብረት ሕግ የወተት ቸኮሌት ከካካዎ የመጣ ነገር ቢያንስ 25 በመቶ ቢኖረው ይበቃዋል፤ ስለዚህ የአማቴ ጥያቄ መሠረት አለው። ከ100 ግራሙ ግማሹ ወይም ከዚያ የሚበልጠው ስኳር ነው። ነጭ ቸኮሌት የሚባለውማ ከካካዎ ቅቤው እንጂ ዱቄቱ ጨርሶ የለበትም። ጥቁሩና መራር የሚለው ለልጅ አይጥምም፤ ለትልቅ ሰው ግን አንድ ቁራሹ ይበቃልና በመጨረሻው ላይ እሱ ይረክሳል። ጥቁሩ 7።

አሁን ይህን ዓምድ እንድንጽፍ ወደ ገፋን ደብዳቤ እንለፍ። አንዲት እህት ከወሎ ጽፋልናለች። በዒድ ማግሥት በአውሮፓ የሚኖረው የባለቤቷ ወንድም ከዓመታት በኋላ መጥቶ፣ ወርቃማ ወረቀት የለበሰ ትልቅ የቸኮሌት ሣጥን ለልጆቿ ሰጠ። ትንሿ ልጇ አንዱን ነክሳ ‹‹ኡሚ፣ ጉሮሮዬን አቃጠለኝ›› ስትል እናት ሣጥኑን ገልብጣ አነበበች፤ ውስጡ የቼሪ አረቄ ነበር። ባለቤቷ ወንድሙን ማሳፈር አልፈለገም፤ አማቷ ሣጥኑ ከነቤቱ ይውጣ አሉ፤ እንግዳው ምን እንደተፈጠረ ሳይገባው ሻንጣውን ማዘጋጀት ጀመረ። እህታችን የጠየቀችን ስለ ቸኮሌቱ ብቻ አልነበረም፤ ከዚያ ቀን ወዲህ ሁለቱ ወንድማማቾች በስልክ እንኳ በቅጡ እንደማይነጋገሩ ነግራናለች።

እህታችን ሆይ፣ የሃይማኖቱን ብይን በዝርዝር ከመስጂዳችሁ ኢማም ጠይቂ። የሚታወቀው ግን ሳያውቅ የበላ፣ ይልቁንም ሕፃን፣ ወቀሳ የለበትም፤ አፏን መጉመጥመጥ ይበቃታል። ሣጥኑ ለልጅም ለትልቅም አይሆንም፤ ለጎረቤትም አይሰጥም። ነገር ግን መወገዱ በሰው ፊት መሆን አልነበረበትም። የባለቤትሽ ወንድም ያን ሣጥን የገዛው በአየር ማረፊያ ሱቅ ሲሮጥ ሊሆን ይችላል፤ በእነዚያ ሱቆች አረቄ ያለበትና የሌለበት ቸኮሌት ጎን ለጎን፣ በተመሳሳይ ወርቃማ ወረቀት ተጠቅልሎ ነው የሚሸጠው። ደውሎ የሚጀምረው ባለቤትሽ ይሁን፤ ‹‹ልጆቹ አጎታቸውን እየጠየቁ ነው›› ይበለው እንጂ በቸኮሌቱ አይጀምር። ስለ ሣጥኑ ከተነሣም ‹‹ላዩ ላይ ያለው ጽሑፍ ለእኛም አልታየንም ነበር›› ማለት ይቻላል፤ ልጅቷ እስክትነክስ ድረስ ማንም አላነበበውምና ሐሰት አይሆንም።

ለሌሎቻችሁ ደግሞ በሣጥን ላይ ስታዩ ቆም የሚያሰኙ ቃላት እነዚህ ናቸው፤ ሊኬር፣ ሩም፣ ብራንዲ፣ ኮኛክ፣ ኪርሽ፣ ማርሳላ፣ አማሬቶ፣ ሻምፓኝ። ዘቢብ ያለበት ቸኮሌት ላይ ሩም የሚል ከተጻፈ ዘቢቡ በሩም የተዘፈዘፈ ሊሆን ይችላል። በውጭ የምትኖሩ ወንድሞችና እህቶች ሻንጣ ከመሙላታችሁ በፊት የኋላውን ጽሑፍ በሁለት ደቂቃ አንብቡልን።

ከአረቄ ሌላ የሚያሳስበው ጄላቲን ነው። ጄላቲን የሚሠራው ከእንስሳት ቆዳና አጥንት ሲሆን በዓለም ገበያ ካለው ብዙው ከአሳማ ነው፤ ከከብትና ከዓሣም ይሠራል። በተራ ቸኮሌት ውስጥ አይገባም፤ ማርሽማሎው ባለበት፣ እንደ መስታወት በሚያበራ የኬክ ልባስና ቀዝቅዞ በሚቀርብ ሙስ ውስጥ ግን ይገኛል። አንድ የሚያብረቀርቅ ኬክ ልናዝዝ ሄደን ሠራተኛዋን ጄላቲኑ ከምን እንደሆነ ስንጠይቃት ‹‹ከውጭ የመጣ ነው›› አለችን። እሱን አልገዛንም፤ ነጥብም የለውም። ከባሕር ተክል የሚሠራውን አጋር የሚባለውን የሚጠቀም ኬክ ቤት ካለ በደስታ እንሄዳለን።

በየመስጂዱ በር በፎቶኮፒ እየተባዙ ስለሚዞሩት የቁጥር ዝርዝሮችም አንድ ነገር እንበል። ኢ 120 ከነፍሳት የሚወጣ ቀይ ቀለም ነው። ኢ 471 ከአትክልትም ከእንስሳትም ሊሠራ ይችላል፤ ቁጥሩ ብቻውን አይነግራችሁም፤ ‹‹ከአትክልት›› የሚል ወይም የሐላል ምልክት መፈለግ ነው። ኢ 322 ሌሲቲን ሲሆን በቸኮሌት ውስጥ የሚገባው በአብዛኛው ከአኩሪ አተር ወይም ከሱፍ የሚወጣው ነው፤ በአንዳንድ ዝርዝር ላይ ከሐራሞቹ ጋር ተደርድሮ አይተነዋል፤ ያለ ምክንያት ሰውን ማስጨነቅ ነው። ጥርጣሬ ባለበት መጠንቀቅ ያስመሰግናል፤ ያልተጣራን ነገር ለሕዝብ ማሰራጨት ግን ሌላ ጉዳይ ነው።

ለዚህ ጥሩ ምሳሌ የሚሆነን የማሌዥያው ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በግንቦት 2014 የአገሪቱ ጤና ሚኒስቴር በካድበሪ ሁለት ዓይነት ቸኮሌቶች ላይ የአሳማ ዘረመል ዱካ ተገኘ ሲል ኩባንያው ምርቱን ከገበያ ሰበሰበ፤ ሕዝቡ ተቆጣ፤ ይከሰስ የሚሉ ድምፆች በረከቱ። በሰኔ መጀመሪያ ላይ የአገሪቱ የሐላል ጉዳይ የሚመለከተው መሥሪያ ቤት ከፋብሪካው ራሱ ናሙና ወስዶ በድጋሚ ሲመረምር ምንም አልተገኘም። በመካከሉ የተነገረው ሁሉ ግን ተነግሮ አልቆ ነበር። በተቃራኒው ደግሞ የስዊሱ ቶብለሮን በበርን የሚገኘው ፋብሪካው የሐላል ማረጋገጫ ማግኘቱ እ.ኤ.አ. በ2018 ሲሰማ፣ በአውሮፓ አንዳንድ ፖለቲከኞች አገራችን ተወሰደች ብለው ጮኹ። የቸኮሌቱ አሠራር በአንዲት ነገር እንኳ አልተለወጠም ነበር። ሳያጣሩ መጮኽ የአንድ ወገን ብቻ አይደለም ማለት ነው።

ወደ ትሪያችን እንመለስ። ወጣቶቹ አንባቢዎቻችን በጉጉት የሚጠብቁት የዱባይ ቸኮሌት እንደሚሆን እናውቃለን። ይህን ጣፋጭ የጀመሩት በዱባይ የሚኖሩ ትውልደ ግብፅ እንግሊዛዊት ሣራ ሐሙዳ ሲሆኑ፣ ፊክስ የሚባለውን ድርጅታቸውን እ.ኤ.አ. በ2021 አቋቋሙ፤ ሐሳቡ የመጣላቸው በእርግዝና ጊዜ ካማራቸው ነገር ነው። በ2023 መጨረሻ አንዲት ሴት መኪና ውስጥ ሆና ስትበላው የሚያሳይ ተንቀሳቃሽ ምስል ዓለምን አዳረሰና ነገሩ ከእጅ ወጣ። ውስጡ የኩናፋ ነው፤ እንደ ፀጉር የቀጠነ ሊጥ በቅቤ ተጠብሶ፣ ከፒስታቺዮ ቅባትና ከሰሊጥ ጣሂና ጋር ተለውሶ፣ በወፍራም የወተት ቸኮሌት ይታሸጋል። ኩናፋ በረመዳን ሌሊት በዐረቡ ዓለም ከጥንት የሚበላ ነው፤ አዲሱ ነገር ልብሱ ብቻ ነው።

የቀመስነው ሁለት ነበር። አንዱ ከዱባይ በዘመድ እጅ የመጣ፣ ሌላው እዚሁ ከሱቅ የተገዛ ተመሳሳዩ። የመጀመሪያው ሲሰበር ‹‹ቀጭ›› ብሎ፣ ውስጡ ሲንኮሻኮሽ፣ የሰሊጡ ጨዋማነት የስኳሩን ጉልበት ሲይዘው በእርግጥ ደስ ይላል። ልጄ ያለ ማመንታት 10 ሰጠው። አማቴ ‹‹ቅቤ በቅቤ ላይ ነው›› ብለው 4። ተመሳሳዩ ግን ሊጡ ለስልሶ፣ ፒስታቺዮው በአረንጓዴ ቀለም ተተክቶ ነበር፤ ኦቾሎኒ ይሸታል። ለመጀመሪያው በአማካይ 8፣ ለሁለተኛው 4። ሁለት ማሳሰቢያ አለን። በሻንጣ ሲመጣ ሙቀት ያገኘው ቸኮሌት ላዩ ነጭ ይለብሳል፤ ሻጋታ አይደለም፤ ቅቤው ወጥቶ ስለረጋ ነውና አትጣሉት። ሰሊጥና ፒስታቺዮ የማይስማማው ልጅ ቤት ከመጣ ደግሞ አስቀድማችሁ እናቱን ጠይቁ።

ብላክ ፎረስት በከተማችን ኬክ ቤቶች ሁሉ አለ፤ ለኒካሕም ለምርቃትም የሚታዘዘው እሱ ነው። ስሙ በደቡብ ምዕራብ ጀርመን ካለው ጥቁር ደን ከሚባለው አገር የመጣ ሲሆን፣ በትውልድ ቦታው ኪርሽ የተባለ የቼሪ አረቄ የግድ ይገባበታል፤ አረቄው ካልተቀመሰ በዚያ ስም አይጠራም። እኛ አገር የሚሠራው ከስሙ በቀር ዘመድነቱ ጥቂት ነው፤ ክሬም፣ የተፋቀ ቸኮሌትና ማርማላታ ነው። ሆኖም ኬኩን ለማርጠብ የሚቀባው የስኳር ውሃ ውስጥ ሩም የሚጨምሩ ሠሪዎች አሉ። ስለዚህ ስታዝዙ ‹‹አልኮል አለው ወይ?›› ብላችሁ አትጠይቁ፤ ብዙ ጊዜ መልሱ ‹‹የለውም›› ነው። ‹‹ሲሮፑ ከምን ይሠራል?›› በሉ፤ ሠሪው ራሱ መጥቶ ይነግራችኋል። እኛ ጠይቀን፣ ስኳርና ውሃ ብቻ መሆኑን አረጋግጠን ገዛን። ክሬሙ ትኩስ፣ ኬኩ ግን የትናንት ነበር፤ 6።

ቲራሚሱ የጣሊያን ነው፤ ስሙ ‹‹ወደ ላይ አንሺኝ›› እንደ ማለት ነው። በብዙ ቦታ ማርሳላ የተባለ ወይን ወይም ሩም ስለሚጨመርበት ከኬክ ቤት አልገዛንም፤ ቤት ሠራነው። ቡናው የራሳችን ስለሆነ ከማንም አናንስም። ደረቅ ጣት ብስኩት በቀዘቀዘ ወፍራም ቡና ነከር እያደረግን ደረደርን፤ በላዩ ጨው የሌለው ለስላሳ አይብ ከተመታ ክሬምና ከጥቂት ስኳር ጋር አልብሰን፣ ካካዎ ነስንሰን ማቀዝቀዣ ውስጥ አሳደርነው። በዋናው አሠራር ጥሬ እንቁላል ይገባል፤ ለእርጉዝና ለሕፃናት ስለማይመከር ተውነው። ሐጅያ ‹‹ይሄማ ሦስተኛው ቡና ነው›› ብለው ደገሙ። 8። ለሕፃናት ግን በማታ አይሰጥ፤ የ9 ዓመቷ ልጃችን እስከ እኩለ ሌሊት ስታወራ አምሽታለች።

ሳኸር የሚባለውን የቪየና ኬክ የሞከርነው በሐላል በኩል ቀላል ስለሆነ ነው። እ.ኤ.አ. በ1832 ፍራንዝ ሳኸር የሚባል የ16 ዓመት ተለማማጅ ለልዑል ሜተርኒኽ እንግዶች እንደሠራው ይነገራል። ቸኮሌት ኬክ ነው፤ ከልባሱ ሥር የአፕሪኮት ማርማላታ ይቀባል፤ አረቄ የግድ አይገባበትም። ሁለት የቪየና ቤቶች ‹‹እውነተኛው የኔ ነው›› ተባብለው ለዓመታት ተካስሰው እ.ኤ.አ. በ1963 ነው የታረቁት፤ ለአንድ ኬክ! ደረቅ ይላል፤ ከሻይ ጋር ካልሆነ አይወርድም። 7፤ ባለቤቴ ብቻ 9።

አሁን ደግሞ ስለሚሰምጠው ኬክ። ከውጭ አገር መጽሐፍ ወይም ከስልክ ላይ የተገለበጠ ኬክ ምድጃ ውስጥ ተነፍቶ ሲወጣ መሃሉ የሚወድቀው የእናንተ እጅ ጥፋት ስለሆነ አይደለም። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,400 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፤ ደሴም ከዚያ አትርቅም። በዚህ ከፍታ አየሩ ስለሚሳሳ ቤኪንግ ፓውደር የሚፈጥረው ጋዝ ያለ ልክ ይነፋል፤ ሊጡ ሳይጠነክር ግድግዳው ይፈነዳል፤ ከዚያ ይወድቃል። ውሃም የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ ገደማ ስለሆነ ኬኩ ቶሎ ይደርቃል። መፍትሔው ቤኪንግ ፓውደሩን በሩብ ወይም በሦስተኛ መቀነስ፣ ስኳሩንም መቀነስ፣ እንቁላል ወይም ፈሳሽ ጥቂት መጨመር፣ ሙቀቱን 10 ዲግሪ ያህል ከፍ ማድረግ ነው። ድሬዳዋ ያላችሁ ይህ ብዙም አይመለከታችሁም።

እኛ በሦስት ሙከራ ያገኘነው ልክ ይህ ነው። ዱቄት 250 ግራም፣ ስኳር 250 ግራም፣ የካካዎ ዱቄት 70 ግራም፣ ቤኪንግ ፓውደር አንድ የሻይ ማንኪያ ልኩን፣ ቤኪንግ ሶዳና ጨው ግማሽ ግማሽ ማንኪያ አብራችሁ ንፉ። በሌላ ዕቃ 3 እንቁላል፣ 240 ሚሊ ሊትር ወተትና 120 ሚሊ ሊትር ዘይት ምቱና ጨምሩበት። በመጨረሻ 240 ሚሊ ሊትር ትኩስ ጥቁር ቡና ቀስ እያላችሁ አዋሕዱት። ሊጡ ይቀጥናል፤ አትደንግጡ፤ ዱቄት አትጨምሩ። በሁለት የተቀባ መጋገሪያ ከፍላችሁ በ190 ዲግሪ ከ25 እስከ 35 ደቂቃ ጋግሩ፤ ሾላ እንጨት ሲሰካበት ንጹሕ ሆኖ ከወጣ ደርሷል። ቫኒላ ከፈለጋችሁ የዱቄቱን ተጠቀሙ፤ ፈሳሹ አብዛኛውን ጊዜ በአልኮል የተዘጋጀ ነውና። ለልባስ 200 ግራም የተሰባበረ ጥቁር ቸኮሌት ላይ 200 ሚሊ ሊትር የጋለ ክሬም አፍስሶ ማማሰል ብቻ ነው። ምድጃው እየሠራ መብራት ከጠፋ በሩን አትክፈቱ፤ ለአሥር ደቂቃ ያህል ሙቀቱን ይይዛል፤ ከዚያ በላይ ከቆየ እንደ ዳቦ በሻይ ይበላል። ከሁሉም ቀማሽ 8 ያገኘ ብቸኛው ኬክ ይህ ነው፤ ወጪውም ከኬክ ቤቱ በጣም ያነሰ ነው።

ስለ ስኳሩ መጠን ሳንናገር ብንቀር አማቴ አይለቁንም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጣው መመሪያ ለአንድ ትልቅ ሰው በቀን የሚጨመር ስኳር ቢቻል ከ25 ግራም ባይበልጥ ይመከራል፤ ይኸውም ስድስት የሻይ ማንኪያ ገደማ ነው። በዒድ ቀን አራት ቤት የዞረ ልጅ፣ በእያንዳንዱ ቤት ኬክ፣ ከረሜላና ለስላሳ ሲጨመርለት፣ ይህን ገና በሁለተኛው ቤት ያልፈዋል። ለስኳር ሕመምተኛ አዛውንት ‹‹ለዛሬ ብቻ›› እያልን በምለን የምናስቀምጣቸው ቁራሽ ደግሞ ክብር መስሎን የምናደርሰው ጉዳት ነው። አማቴ እንደነገሩን፣ ሲጋበዙ እምቢ ማለት ከበሽታው ይልቅ ያስቸግራቸዋል፤ አስተናጋጇ ቅር እንዳይላት ሲሉ በልተው ማታ ይታመማሉ። ስለዚህ ትሪ ስታዞሩ ለእንዲህ ያሉ እንግዶች ትንሽ ቁራሽ ለይታችሁ፣ ሳትጫኑ፣ አንዴ ብቻ አቅርቡ።

የወሩ ከፍተኛ ነጥብ የተሰጠው በቸኮሌት ለተነከረ ተምር ነው። በባሕረ ሰላጤው አገሮች ለሠርግና ለወሊድ በሚያምር ሣጥን ይሸጣል፤ ቤት ሲሠራ ግን የእሳት ሥራው ከሩብ ሰዓት አያልፍም። ግማሽ ኪሎ ለስላሳ ተምር ፍሬውን አውጥታችሁ በምትኩ የተቆላ ኦቾሎኒ ወይም አልሞንድ ክተቱበት። 200 ግራም ጥቁር ቸኮሌት በሚፈላ ውሃ እንፋሎት ላይ በተቀመጠ ደረቅ ሳሕን አቅልጡ፤ አንዲት ጠብታ ውሃ ከገባች ቸኮሌቱ እንደ አፈር ይቋጠራልና ሳሕኑም ማንኪያውም ደረቅ ይሁን። ተምሩን በሹካ ነከር እያደረጋችሁ በሰም ወረቀት ላይ ደርድሩ፤ ሳይደርቅ ጥቂት የተቆላ ሰሊጥ በትኑበት፤ ቀዝቃዛ ቦታ አንድ ሰዓት ይቆይ። የተምሩ ጣፋጭነት ስላለ ቸኮሌቱ መራር በሆነ ቁጥር ይጥማል። ተምርም ቢሆን ከክብደቱ ከግማሽ በላይ ስኳር መሆኑን አትርሱ፤ አማቴ አንዲት ብቻ፣ ያውም ከምሳ በኋላ በሉና 9 ሰጡ። ልጆቹም 9፣ ሐጅያ 10፣ እኔና ባለቤቴ 9። የተዘጋ ዕቃ ውስጥ በቀዝቃዛ ቦታ ሁለት ሳምንት ይቆያል፤ እኛ ቤት ሁለት ቀን አልቆየም።

በሚቀጥለው ወር ኢንሻአላህ ሐልዋንና ባቅላባን እንመዝናለን። የቤታችሁን አሠራር መላክ የምትፈልጉ መጠኑን በግራም ጻፉልን፤ ‹‹በቂ ስኳር›› የሚል ደብዳቤ ብዙ ደርሶናል።